ያለ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም፦ መጥፎ ድረ-ገጾችን በሆስትስ ፋይል መዝጋት

የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ያለው አንቲቫይረስ ለሳምንታት አልታደስ ብሎት ነበር። ኢንተርኔቱ ይሠራል። ሌላው ድረ-ገጽ ሁሉ ይከፈታል። የአንቲቫይረሱ ድረ-ገጽ ብቻ እምቢ ይላል። ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ጭኖት ነበር፤ ለውጥ የለም። እኔ ጋ ሲያመጣው መጀመሪያ የከፈትኩት ሆስትስ የሚባለውን ፋይል ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ንጹህ ነበር። ግን በስተቀኝ ያለችው ስክሮል ባር በጣም ትንሽ ሆናለች፤ ፋይሉ ረጅም ነው ማለት ነው። ወደ ታች ወረድኩ። ባዶ መስመር። አሁንም ባዶ መስመር። በመቶ የሚቆጠር ባዶ መስመር ካለፍኩ በኋላ የአንቲቫይረስ ድርጅቶች ስም ተደርድሮ አገኘሁ፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊት 127.0.0.1 ተጽፏል። መስመሮቹን አጥፍቼ ሴቭ አደረግሁ። አንቲቫይረሱ እዚያው መታደስ ጀመረ።

ይህን የሠራው ማልዌር፣ ማለትም ተደብቆ የገባ ጎጂ ፕሮግራም፣ የተለየ ጥበብ አልነበረውም። ኮምፒውተሩ ከማንም አስቀድሞ የሚያምነው አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አለ፤ እሱ ላይ ጻፈበት፣ በቃ። እኛም በዚያው ፋይል ላይ መጻፍ እንችላለን። አጭበርባሪ ድረ-ገጾችን፣ ማስታወቂያ የሚረጩ ሰርቨሮችን፣ ተከታትለው መረጃ የሚለቅሙ ኩባንያዎችን፣ ወይም ሥራ የሚያስፈታንን ገጽ መዝጋት ይቻላል። የሚገዛ ነገር የለም፣ የሚጫን ነገር የለም። የሚያስፈልገው የአድሚኒስትሬተር ፓስዎርድና ትንሽ ጥንቃቄ ነው።

ፋይሉ የሚሠራው ነገር

ብሮውዘር ላይ የድረ-ገጽ ስም ስትጽፉ ኮምፒውተሩ በስም ብቻ የትም አይደርስም። ስልካችሁ ላይ የሰው ስም ነክታችሁ ስትደውሉ ከስሙ ጀርባ ቁጥር እንዳለ ሁሉ፣ ከድረ-ገጽ ስም ጀርባም አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር አለ። ይህን ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ዲኤንኤስ የሚባለው የስም ማውጫ ነው። ኮምፒውተራችሁ ግን ዲኤንኤስን ከመጠየቁ በፊት የራሱን ትንሽ ማውጫ ያያል። ሆስትስ ፋይል ማለት ያ ነው። የፈለገው ስም እዚያ ካለ፣ ከጎኑ የተጻፈውን ቁጥር ይወስዳል፤ ሌላ ማንንም አይጠይቅም።

ስለዚህ ዘዴው ቀላል ነው። ልንዘጋው የፈለግነውን ስም ፋይሉ ላይ እንጽፍና የትም የማያደርስ ቁጥር እንሰጠዋለን። ብሮውዘሩ ገጹን ሲፈልግ መንገድ ያጣል። ከዚያ ሰርቨር ምንም አይወርድም፤ ማስታወቂያው፣ ስክሪፕቱ፣ ቫይረሱ ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ፋይሉ ከዲኤንኤስ በዕድሜ ይበልጣል። የኢንተርኔት አባት በሆነው አርፓኔት ዘመን የሁሉም ኮምፒውተር ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ተጽፎ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይቀመጥ ነበር። በኤልዛቤት ፋይንለር የሚመራው ቡድን ያዘጋጀዋል፤ ሌሎቹ እየገለበጡ ይወስዳሉ። ኮምፒውተሮቹ ሲበዙ ይህ አላዋጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን ነደፈ። አሮጌው ፋይል ግን አልጠፋም፤ እስከ ዛሬ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም አለ፣ ቅድሚያውም እንደተጠበቀ ነው።

አንድ መስመር እንዴት ይጻፋል

አጻጻፉ ይኸው ነው፦ ቁጥር፣ ክፍት ቦታ፣ ስም።

0.0.0.0 ኤግዛምፕል.ኮም
0.0.0.0 ዳብልዩዳብልዩዳብልዩ.ኤግዛምፕል.ኮም

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ጽሑፍ የፋይል ስሞችን፣ ትዕዛዞችንና የድረ-ገጽ ስሞችን የጻፍኳቸው በድምፃቸው ነው። እናንተ ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፉ ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሹ ይሁን። ሦስት ጊዜ «ዳብልዩ» ያልኩት በየአድራሻው ፊት የምናውቃት ፊደል ናት። ከመጀመራችሁ በፊት ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። በአማርኛ ኪቦርድ የገባች አንዲት «።» ወይም «፡» መስመሩን ከንቱ ታደርገዋለች፤ ዓይን ደግሞ በቀላሉ ያልፋታል። ስሙ ራሱ በእንግሊዝኛ ፊደል ያልሆነ ድረ-ገጽ ካጋጠማችሁም ፋይሉ ላይ የሚጻፈው በ«ኤክስኤን» እና በሁለት ሰረዝ የሚጀምረው የላቲን ቅጂው ነው።

# ምልክት የሚቀድመው ነገር ሁሉ ማስታወሻ ነው፤ ኮምፒውተሩ አያነበውም። ይህች ምልክት ትልቅ ጥቅም አላት። አንድን መስመር ለጊዜው ማንሳት ስትፈልጉ ማጥፋት አያስፈልግም፣ ፊቱ ላይ # ማስቀመጥ ይበቃል።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ስሙ ላይ ነው። ፋይሉ የሚያውቀው ሙሉ ስም ብቻ ነው። ከስሙ ፊት የሚመጣውን «ኤችቲቲፒኤስ» አይቀበልም። ከስሙ በኋላ ስላሽ አድርጎ የሚመጣውንም አይቀበልም። ስለዚህ ከአንድ ድረ-ገጽ ላይ አንዲት ገጽ ብቻ ለይቶ መዝጋት አይቻልም፤ ወይ ሙሉው ይዘጋል ወይ ሙሉው ይከፈታል። የኮከብ ምልክት አድርጎ «ከዚህ ስም በታች ያለው ሁሉ» ማለትም አይሠራም። ከላይ ሁለት መስመር የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ለፋይሉ ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው። የሞባይል ቅጂው በ«ኤም» የሚጀምር አድራሻ ካለው እሱም ሦስተኛ መስመር ይፈልጋል።

0.0.0.0 ወይስ 127.0.0.1 የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። 127.0.0.1 ማለት «ራስህ ኮምፒውተሩ» ማለት ነው። ብሮውዘሩ የማስታወቂያውን ሰርቨር ፈልጎ ወደ ራሱ ማሽን ይመለሳል። ማሽኑ ላይ ዌብ ሰርቨር ካለ፣ ለምሳሌ ፕሮግራመር ከሆናችሁ፣ ጥያቄዎቹ እዚያ እየሄዱ ሎጋችሁን፣ ማለትም የሰርቨሩን መዝገብ፣ ያጨናንቁታል። 0.0.0.0 ግን የሚሄዱበት አድራሻ አይደለም። ዊንዶውስ ላይ ሙከራው ወዲያው ይከሽፋል፤ መጠበቅ የለም። እኔ 0.0.0.0 ነው የምጠቀመው፤ እናንተም እሱን ያዙ። ድሮ በ127.0.0.1 የተጻፈ ዝርዝር ካገኛችሁም ይሠራል፣ አትጨነቁ።

በዊንዶውስ ደረጃ በደረጃ

መለማመጃችን ኤግዛምፕል.ኮም ነው። ይህ ስም ለምሳሌና ለማስተማሪያ ብቻ ተብሎ የተያዘ ስለሆነ ብንዘጋው የሚጎዳ ሰው የለም። መጀመሪያ ብሮውዘር ላይ ክፈቱት። አጭር ጽሑፍ ብቻ ያለባት ገጽ ትመጣለች። አየናት። አሁን እንዝጋት።

ከሁሉም በፊት ባክአፕ። ፋይል ኤክስፕሎረር ክፈቱና ሲ ድራይቭ ውስጥ ግቡ። ከዚያ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ሲስተም32፣ ከዚያ ድራይቨርስ፣ ከዚያ ኢቲሲ በሚሉት ፎልደሮች እየገባችሁ ውረዱ። ኢቲሲ ውስጥ ጥቂት ፋይሎች ታያላችሁ። ሆስትስ የሚለውን ኮፒ አድርጋችሁ ዶክመንትስ ውስጥ ፔስት አድርጉት። ስሙን «ሆስትስ ኦሪጅናል» በሉት። ይህን ሳታደርጉ ወደ ቀጣዩ አትለፉ፤ ሃያ ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ቀጥሎ ስታርት ሜኑ ላይ ኖትፓድ ብላችሁ ጻፉ። ስሙ ሲመጣ ራይት ክሊክ አድርጉና «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ ፈቃድ ሲጠይቅ «የስ» በሉ። ይህችን እርምጃ የዘለለ ሰው ሁሉን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚያውቀው። ሴቭ ሲል ዊንዶውስ «ፈቃድ የለህም» ይለዋል፣ ወይም ፋይሉን ሌላ ቦታ እንዲያስቀምጥ ይጠይቀዋል።

በኖትፓዱ ውስጥ ፋይል፣ ከዚያ ኦፕን። ወደዚያው ኢቲሲ ፎልደር ሂዱ። ፎልደሩ ባዶ ይመስላል። ባዶ አይደለም። ኖትፓድ የሚያሳየው በቲኤክስቲ የሚያልቁ ፋይሎችን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሆስትስ ደግሞ ምንም ቅጥያ የለውም። ከታች በስተቀኝ ያለውን ምርጫ ወደ «ኦል ፋይልስ» ቀይሩት፤ ፋይሉ ብቅ ይላል። ክፈቱት።

ማንም ያልነካው የዊንዶውስ ሆስትስ ፋይል ከላይ የማይክሮሶፍት የቅጂ መብት መስመር አለው። ከዚያ አጠቃቀሙን የሚገልጹ ጥቂት መስመሮችና ሁለት ምሳሌዎች ይከተላሉ። ሁሉም በ# ይጀምራሉ። ማለትም በአዲስ ዊንዶውስ ላይ ፋይሉ ምንም ትዕዛዝ የለበትም። የእናንተ ከዚህ የተለየ ከሆነ፣ ሌላ የጻፈበት አለ ማለት ነው። ሁሌ መጥፎ አይደለም፤ ዶከርን የመሰሉ የፕሮግራመር መሣሪያዎች የራሳቸውን መስመር ይጨምራሉ። ግን የማታውቁት መስመር ካለ ምን እንደሆነ ሳታጣሩ አትለፉት። ስክሮል ባሩንም ተመልከቱ። እስከ መጨረሻው ውረዱ።

አሁን ከመጨረሻው መስመር በታች አንድ ባዶ መስመር ትታችሁ ይህን ጻፉ፦

# ለሙከራ የዘጋሁት
0.0.0.0 ኤግዛምፕል.ኮም
0.0.0.0 ዳብልዩዳብልዩዳብልዩ.ኤግዛምፕል.ኮም

የ# መስመሩንም ቢሆን በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፉት ይሻላል፤ ፋይሉ በቀላሉ የሚነበብ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቆያል። ኮንትሮል ኤስ ተጫኑና ሴቭ አድርጉ። በኖትፓድ ግርጌ ላይ የፊደል ኮዱ ተጽፎ ታያላችሁ። «ዩቲኤፍ-8» ብቻ ወይም «አንሲ» ከሆነ ጥሩ ነው። «ዩቲኤፍ-8 ዊዝ ቦም» የሚል ከሆነ ግን «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ወደ ተራው ዩቲኤፍ-8 ቀይሩት፤ ቦም የሚባለው የማይታይ ምልክት ከፋይሉ ራስ ላይ ተቀምጦ የመጀመሪያውን መስመር ሊያበላሽ ይችላል።

«ሴቭ አዝ» ስትሉ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኖትፓድ ሳይነግራችሁ ቲኤክስቲ የሚል ጭራ ይቀጥልበታል። ዊንዶውስ ያን ፋይል ዞር ብሎም አያየውም። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው ውስጥ ገብታችሁ የፋይል ቅጥያዎች እንዲታዩ አድርጉ። ሆስትስ ያለ ምንም ጭራ መቀመጡን በዓይናችሁ እዩ።

የቀረው የቆየውን ትውስታ ማጽዳት ነው። ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ ክፈቱና አይፒኮንፊግ ብላችሁ ጻፉ፤ ክፍት ቦታ ተዉ፤ ስላሽ አድርጉና ሳትለያዩ ፍለሽዲኤንኤስ ብላችሁ ኢንተር ተጫኑ። ከዚያ ብሮውዘሩን ሙሉ በሙሉ ዝጉት፤ አንዷን ታብ ሳይሆን ሁሉንም መስኮት። ብሮውዘር ያየውን አድራሻ ለተወሰነ ጊዜ በራሱ ያስታውሳል። «አልሠራም» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ የረሱት ይህን ነው።

እንደገና ክፈቱና ኤግዛምፕል.ኮም በሉ። ገጹ አይመጣም፤ መገናኘት አልተቻለም የሚል መልእክት ብቻ ነው የምታዩት። ተዘጋ ማለት ነው። አሁን ወደ ፋይሉ ተመለሱና በሁለቱ መስመሮች ፊት # አስቀምጡ። ሴቭ አድርጉ፣ ብሮውዘሩን ዘግታችሁ ክፈቱ። ገጹ ይመለሳል። መዝጋትና መክፈቱን በእጃችሁ ካያችሁት በኋላ የምትፈሩት ነገር አይኖርም።

ኖትፓዱ የሚሰለቻችሁ ከሆነ ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው ፓወርቶይስ ውስጥ የሆስትስ ፋይል ኤዲተር አለ። እያንዳንዱን መስመር በአንድ ክሊክ ማብራትና ማጥፋት ያስችላል።

ማክና ሊኑክስ

ማክ ላይ ተርሚናልን ክፈቱ። ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/ሆስትስ ብላችሁ ጻፉና ኢንተር ተጫኑ፤ ሱዶ «በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ» ማለት ነው፣ ናኖ ደግሞ የጽሑፍ ማረሚያ ነው። ፓስዎርድ ይጠይቃል። ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ኮከብም ነጥብም አይታይም፤ ኪቦርዱ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፣ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ፋይሉ ሲከፈት ሎካልሆስት እና ብሮድካስትሆስት የሚሉ መስመሮች ታገኛላችሁ። እነሱን አትንኩ፤ ሲስተሙ የሚጠቀምባቸው ናቸው። በቀስት ቁልፍ ወደ ታች ውረዱና የራሳችሁን መስመሮች ጨምሩ። ኮንትሮል ኦ፣ ኢንተር፣ ሴቭ ሆነ። ኮንትሮል ኤክስ፣ ወጣችሁ። ትውስታውን ለማጽዳት ሱዶ ዲኤስካሽዩቲል ብላችሁ ክፍት ቦታ ከተዋችሁ በኋላ ሰረዝ ፍለሽካሽ ጻፉ። የማይታደስ ከሆነ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ያው ውጤት ይሰጣል።

ሊኑክስ ላይም ፋይሉ እዚያው /ኢቲሲ/ሆስትስ ነው፤ በዚያው በናኖ ይከፈታል። በኡቡንቱና በዴቢያን 127.0.1.1 የሚል መስመር ከኮምፒውተሩ ስም ጋር ታያላችሁ። እሱን የሰረዘ ሰው ሱዶ ባለ ቁጥር «ስሙን ማግኘት አልተቻለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይከተለዋል።

መዘጋቱን ማረጋገጥ፣ አልዘጋ ሲልም

ኮማንድ ፕሮምፕት ወይም ተርሚናል ላይ ፒንግ ብላችሁ ስሙን አስከትሉ። እውነተኛው አድራሻ ከመጣ ፋይላችሁ እየተነበበ አይደለም። ኤንኤስሉካፕ በሚለው ትዕዛዝ ግን አትፈትኑ። እሱ በቀጥታ የዲኤንኤስ ሰርቨሩን ነው የሚጠይቀው፣ ሆስትስ ፋይልን አያይም። ሥራቸው የተሳካ ሰዎች በዚህ ትዕዛዝ ተሳስተው ሲለፉ አይቻለሁ።

ፒንግ ትክክል ሆኖ ብሮውዘሩ ግን አሁንም ገጹን ከከፈተ፣ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ፕሮክሲ ወይም ቪፒኤን ነኝ የሚል የብሮውዘር ኤክስቴንሽን አለ? እነዚህ ስሙን የሚጠይቁት በሌላኛው ጫፍ ባለው ሰርቨር ስለሆነ የእናንተን ፋይል ዘለውት ያልፋሉ። ሁለተኛ፣ ብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ «ሴክዩር ዲኤንኤስ» የሚል ምርጫ አለ፤ ለሙከራ አጥፉትና ልዩነት ካለ ተመልከቱ። ሦስተኛ፣ ድረ-ገጹ በአዲሱ የአድራሻ ዓይነት፣ በአይፒቪ6፣ የሚደረስ ሊሆን ይችላል። ያኔ በቁጥሩ ቦታ ሁለት ነጥብ ከሁለት ነጥብ አድርጋችሁ አንድ መስመር ጨምሩ፦

:: ኤግዛምፕል.ኮም

የተዘጋጁ ዝርዝሮች

አንድ በአንድ መጻፍ ለአምስትና ለአሥር ስም ነው። የማስታወቂያና የማልዌር ሰርቨሮች ግን በሺዎች ናቸው። ደግነቱ ለዓመታት ይህን ዝርዝር እየሰበሰቡ በነጻ የሚያካፍሉ ሰዎች አሉ። ብዙ ሰው የሚጠቀመው፣ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን በሚያካፍሉበት በጊትሀብ ድረ-ገጽ ላይ ያለው የስቲቨን ብላክ ዝርዝር ነው። የተለያዩ ዝርዝሮችን አንድ ላይ አዋህዶ ድግግሞሹን ያወጣል። መደበኛው ማስታወቂያና ማልዌርን ይዘጋል፤ ከፈለጋችሁ ቁማርን፣ የወሲብ ገጾችን፣ የሐሰት ዜናን ወይም ሶሻል ሚዲያን የሚጨምር ቅጂም አለው። ለማልዌር ብቻ የሚሆን የሚፈልግ ሰው ዩአርኤልሃውስ የሚባለውን ፕሮጀክት ይመልከት፤ ቫይረስ የሚያሰራጩ አድራሻዎችን ነው የሚያሳድደው።

አወሳሰዱ ኮፒና ፔስት ነው። ግን ከዚያ በፊት አንድ ግዴታ አለ፤ ዝርዝሩን አንብቡ። ሁሉንም አንብቡ ማለቴ አይደለም። በመስመሮቹ መጀመሪያ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ። 0.0.0.0፣ 127.0.0.1 ወይም ከላይ ያየነው :: ካልሆነ፣ ሌላ አይፒ አድራሻ ካለ፣ ያ ዝርዝር አይዘጋም፤ ይወስዳችኋል። የባንካችሁን ስም ከአጭበርባሪ አይፒ ጋር ያጣመረች አንዲት መስመር በአስር ሺህ ትክክለኛ መስመሮች መሀል ብትደበቅ ማንም አያያትም። ምንጩ ያልታወቀ፣ በቴሌግራም «ይህን ፔስት አድርጉ» ተብሎ የመጣ ሆስትስ ፋይል ፈጽሞ አትቀበሉ። ኖትፓድ ውስጥ ኮንትሮል ኤፍ ተጫኑና የባንካችሁን፣ የኢሜይላችሁንና የአንቲቫይረሳችሁን ስም ፈልጉ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከተገኘ፣ ዝርዝሩን ጣሉት።

ትልቅ ዝርዝር ምን ያህል ይከብዳል? ማክና ሊኑክስ ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። የዊንዶውስ ዲኤንኤስ አገልግሎት ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠር መስመር ሲሰጠው፣ በተለይ በአሮጌ ማሽን ላይ፣ ኢንተርኔቱን ሊያንቀራፍፈው ይችላል። ይህ ከገጠማችሁ አጠር ያለ ዝርዝር ያዙ። አንዳንዱ ሰው በአንድ መስመር ላይ ብዙ ስም ደርድሮ ፋይሉን ያሳጥራል፤ ዊንዶውስ ግን በአንድ መስመር ከዘጠኝ ስም በላይ አያነብም። እኔ በግሌ ከሁሉም በላይ የማልዌር ዝርዝርንና ራሴ የማውቃቸውን ጥቂት ስሞች ነው የምመርጠው። ማስታወቂያውን ለብሮውዘር ኤክስቴንሽን እተዋለሁ፤ እሱ ገጹን እያየ ለይቶ ማንሳት ይችላል፣ ሆስትስ ፋይል ያን አይችልም።

ዊንዶውስ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር። ዝርዝራችሁ የማይክሮሶፍትን መረጃ ሰብሳቢ ሰርቨሮች የሚዘጋ ከሆነ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ «ሆስትስ ፋይል ሃይጃክ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ያደርጋል። ማስጠንቀቂያውን «አጽዳልኝ» ካላችሁት ፋይሉን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል፤ ሥራችሁ ሁሉ ይሄዳል። መስመሮቹን የጻፋችሁት እናንተ መሆናችሁን እርግጠኛ ከሆናችሁ ብቻ ፍቀዱ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ዲፌንደሩ ልክ ነው።

አንድ ገጽ ሲበላሽ

ትልቅ ዝርዝር ያስገባ ሰው አንድ ቀን የሚወደው ድረ-ገጽ ይዛነፍበታል። ቪዲዮው አይጀምርም፣ ወይም ሎግ ኢን ማድረጊያው ዝም ይላል። ዝርዝሩን በሙሉ አታጥፉ፤ ጥፋተኛውን ፈልጉ። ገጹ ላይ ሆናችሁ ኤፍ12ን ተጫኑ። ኔትወርክ የሚለውን ታብ ምረጡና ገጹን ሪፍሬሽ አድርጉ። ገጹ የሚጠራቸው ሰርቨሮች ሁሉ ይዘረዘራሉ፤ ያልተሳካላቸው በቀይ ናቸው። ቀይ ከሆኑት ውስጥ ማስታወቂያ የማይመስለውን ስም ያዙ። ሆስትስ ፋይል ውስጥ በኮንትሮል ኤፍ ፈልጉትና ፊቱ ላይ # አድርጉ። ሴቭ፣ ሪፍሬሽ። ካልተስተካከለ የሚቀጥለውን ሞክሩ። ያነሳችሁትን ስም ሌላ ቦታ ጻፉት፤ ዝርዝሩን ስታድሱ እንደገና ይመጣልና።

ምን አይችልም

ይህን ፋይል እወደዋለሁ፤ ግን ከአቅሙ በላይ ሊታመን አይገባም። በስም ነው የሚያግደው። ማልዌሩ ስም ሳይጠራ በቀጥታ በአይፒ ቁጥር የሚገናኝ ከሆነ ፋይሉ አይቶ አያስቆመውም። አጭበርባሪዎች ስም በየቀኑ ይቀያይራሉ፤ ዛሬ ጠዋት የተከፈተ የሐሰት ባንክ ገጽ በትናንቱ ዝርዝር ውስጥ የለም። ዩቲዩብ ላይ የሚመጣው ማስታወቂያም ከቪዲዮው ጋር ከአንድ ቤት ስለሚወጣ አንዱን ዘግቶ ሌላውን መተው አይቻልም። ስለዚህ አንቲቫይረሱም፣ የብሮውዘር ዝመናውም፣ የራሳችሁ ዓይንም በቦታቸው ይቆዩ።

ልጆችን ለመጠበቅ የምታስቡ ወላጆች፣ የአድሚኒስትሬተር ፓስዎርድ ያለው ልጅ መስመሩን በደቂቃ ያነሳዋል። ለልጁ ስታንዳርድ አካውንት ክፈቱለት፤ ፓስዎርዱ እናንተ ጋ ይሁን።

ስልክ ላይ ነገሩ ይለያል። አንድሮይድም ሆስትስ ፋይል አለው፤ ግን ሩት ያልተደረገ፣ ማለትም የሲስተሙ ሙሉ ፈቃድ ያልተከፈተበት ስልክ እንድትጽፉበት አይፈቅድም። አይፎንም እንዲሁ ዝግ ነው። ለስልክ ብላችሁ ሩት አድርጉ አልላችሁም፤ ከሚጠቅመው የሚያጋልጠው ይበዛል። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ሴቲንግ ውስጥ፣ ኔትወርክ ስር፣ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚል ምርጫ አለ። እዚያ ዲኤንኤስ.ኳድ9.ኔት ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፉ ኳድ9 የሚባለው ነጻ አገልግሎት የታወቁ የማልዌር ስሞችን ያግዳል፤ ዘጠኙ በቁጥር ነው የሚጻፈው። ቤት ውስጥ ላለው መሣሪያ ሁሉ ከፈለጋችሁ ራውተሩ ላይ ዲኤንኤሱን ወደ 9.9.9.9 መቀየር፣ ወይም ማልዌርንና የአዋቂ ገጾችን አብሮ የሚዘጋውን የክላውድፍሌር 1.1.1.3 መጠቀም ይቻላል።

ወደ ነበረበት መመለስ

ሁሉ ነገር ከተምታታባችሁ መጀመሪያ ያስቀመጣችሁትን ኦሪጅናል አምጡ። ኢቲሲ ውስጥ ያለውን ሆስትስ አንሱና ባክአፑን በቦታው ፔስት አድርጉ፤ ስሙ ሆስትስ ብቻ ይሁን። ባክአፕ ያልያዘ የዊንዶውስ ተጠቃሚም አልጠፋም። በአድሚኒስትሬተር በተከፈተ ኖትፓድ የፋይሉን ይዘት በሙሉ አጥፍቶ ባዶውን ሴቭ ቢያደርገው ኮምፒውተሩ ያለ ችግር ይሠራል። ማክና ሊኑክስ ላይ ግን ባዶ አታድርጉት፤ የሎካልሆስት መስመሮቹ ይቆዩ፦

127.0.0.1 ሎካልሆስት
::1 ሎካልሆስት

እኔ ፋይሉን በየወሩ መጀመሪያ እከፍተዋለሁ። ከላይ በ# የመጨረሻ ያየሁበትን ቀንና የመስመሮቹን ብዛት እጽፋለሁ። ቁጥሩ ሳልነካው ከጨመረ ሌላ ሰው ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ ኮንትሮልና ኤንድ ተጭኜ እስከ ታች እወርዳለሁ።